ለእያንዳንዱ ሳህን ጸሎት

ወንድይራድ ከሲያትል ድረስ የበረረው አብርሆትን ለማግባት ከአባቷ ፈቃድ ለመቀበል ነው። ጋሽ ደሳለኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለች ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ዓመት ሙሉ ስለ ጋብቻው በተጠየቁ ቁጥር መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ጉዳዩን በጸሎት ይዘነዋል።» በጸሎት የተያዘ ነገር ደግሞ አይጎተት፣ አይገፋ፤ ምን ይደረጋል!

አብርሆት መላ አታጣም። «ቤት ከሆነ ዳድ ቁጭ አድርጎ ኢንተርቪው ያደርግሃል፤ ውጪ እንብላ» ብላ እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ አንድ የስፔን ታፓስ ቤት ቡክ አደረገች። ታፓስ ስፔኖች በትንንሽ ሳህን፣ አንዱን ከአንዱ እያስከተሉ የሚበሉት ነው። ወንድይራድ ከጭንቀት ብዛት ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ አውሮፕላን ላይ የታደለውን ብስኩት እንኳ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ነው የሰጠው። የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ በር ላይ ሲቀበለው ግን ሆዱ ጮኸ።

ጋሽ ደሳለኝ በሙሉ ሱፍ ገቡና ከባንኮኒው በላይ የተሰቀሉትን የደረቁ ታፋዎች አዩ።

«ሥጋ ቤትም ነው እንዴ? የበግ ነው?»

«ዳድ፣ ፕሊስ፣ ዶንት አስክ» አለች አብርሆት። አሳማ የሚባል ነገር ወደ ጠረጴዛቸው ዝር እንዳይል አስተናጋጁን አስቀድማ አስጠንቅቃዋለች።

መጀመሪያ የወይራ ፍሬ መጣ። ጋሽ ደሳለኝ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማዕዱን፣ ያበሰሉትን እጆች፣ አውሮፕላኑን፣ አብራሪውን ሳይቀር ባርከው «አሜን» አሉ። ደግ። ወንድይራድ አንድ ፍሬ አነሣ። ገና ዘሩን ሳይተፋ ድንች በእንቁላል ከች አለ፤ ጋሽ ደሳለኝም እንደገና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ዳድ! ዊ ኦልሬዲ ፕሬይድ!»

«ያ ለዚያኛው ነው፤ ይሄ ሌላ ማዕድ ነው። ሳይባረክ የቀረበልኝን በልቼ አላውቅም፤ በስተርጅና አልጀምርም።»

ቲማቲም የተቀባ ዳቦ መጣ፤ ተጸለየ። የተጠበሰ ቃሪያ መጣ፤ ተጸለየ። አስተናጋጁ ቀልጣፋ፣ ጋሽ ደሳለኝ ደግሞ ከጌታቸው ጋር ሲነጋገሩ መቸኮል የማያውቁ! አንዱ ጸሎት ሳያልቅ ሌላ ሳህን ዱብ ይላል። ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያሉት ፈረንጅ ባልና ሚስት ሹካቸውን አስቀምጠው አብረው «ኤመን» ማለት ጀመሩ። አብርሆት ናፕኪን አፏ ላይ ይዛ ትንፈቀፈቃለች። ወንድይራድም ረሃብና ሳቅ ተናነቁት።

በመጨረሻ በሸክላ ድስት ዶሮ መጣ፤ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ገና እየተንተከተከ። የወንድይራድ እጅ ዳቦ እንደያዘ ወደ ድስቱ ሲሄድ ጋሽ ደሳለኝ አንጓውን ያዙት።

«እስቲ አሁን አንተ ጸልይ።»

ጉድ ፈላ! ሲያትል መኪና እየነዳ ሲለማመደው የከረመው ንግግር ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ጌታ ሆይ፣ ስለዚህ ዶሮ እናመሰግንሃለን። ስለ ቀዘቀዘውም ድንች።»

«አሜን» አሉ ጋሽ ደሳለኝ። ሰው ሲጸልይ በየመሐሉ አሜን ማለት የአርባ ዓመት ልማዳቸው ነው።

«ጋሼን በዕድሜና በጤና ጠብቅልን።»

«አሜን!»

«ጌታ ሆይ…» በእጁ የያዘውን ዳቦ ጨበጠ። «እወዳታለሁ። አብርሆትን ሚስት አድርገህ ስጠኝ!»

«አሜን! አሜን!» አሉ ጋሽ ደሳለኝ፣ ከሁሉም ጮክ ብለው።

ፈረንጆቹም ምኑም ሳይገባቸው «ኤመን!» አሉ። ሦስቱም ዓይናቸውን ገለጡ።

«ዳድ! ዩ ሴድ ኤመን!» አብርሆት ከወንበሯ ዘለለች።

ጋሽ ደሳለኝ ልጃቸውን፣ ከዚያ ወንድይራድን አዩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ደግሞ አሜኑን አያጥፍም። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወንድይራድ ተቆጡ ብሎ ክው አለ፤ እሳቸው ግን እንባቸው እስኪፈስ እየሳቁ ነበር።

«ዓመት ሙሉ መልሱን ከላይ ስጠብቅ፣ ለካ በገዛ አፌ ኖሯል የሚመጣው!»

ዳቦውን ቆርሰው ከድስቱ ነከሩና ዶሮ አክለውበት ወደ ወንድይራድ አፍ ዘረጉ። ይሄኔ አስተናጋጁ ሌላ ሳህን ይዞ ደረሰ። አብርሆት ዓይኗን ጨፈነች፤ ፈረንጆቹም ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ቆይ፣ ይሄኛው ይጠብቅ» አሉ ጋሽ ደሳለኝ፣ ጉርሻውን እንደያዙ። «መጀመሪያ ልጄ ይብላ።»