የመሰላሉ ጥለት

በድሉ ሌላ ሰው የፈጠረውን ጥለት እኔ ነኝ የፈጠርኩት አለና፣ ፈጣሪውን፣ አብሮት የሚሸምነውን ሲላስን፣ ሌባ ብሎ አባረረው።

እህቱ አዲሳለም ከሥራ ስትመለስ፣ ሽሮ ሜዳ ባለው የሽመና ቤታቸው ውስጥ በድሉ የሲላስን ዕቃ እየነቀለ መሬት ላይ ይወረውራል። ባለፈው ወር “አዲስ ጥለት መጣልኝ” ብሎ ለሱቆቹ አሳይቶ ነበር። ዛሬ ሲላስ ያንኑ ሲጀምር እጅ ከፍንጅ ያዝኩት አለ። ሌባ የተባለን ሸማኔ ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ ማንም አያስጠጋም። ሲላስ አንገቱን ደፍቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

“አፍ የለህም እንዴ?” አለችው አዲሳለም።

“ምን ልበል? በዕድሜ ታላቄ ነው።”

ጓዳ ገብታ የምረቃ ቀሚሷን አመጣችና በድሉ እግር ሥር ጣለችው። ከጫፉ ያው ቢጫና ጥቁር ጥለት እንደ መሰላል ይወጣል።

“ይህን ማን ነው የሠራልኝ?”

በድሉ ቀሚሱን አየ። ፊቱ ለአፍታ ባዶ ሆነ፤ ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው በራ።

“ሲላስ! ግን እኔ አሳይቼው ነዋ! እዚህ ግድግዳ ላይ በከሰል ስዬ። አንቺም ቁጭ ብለሽ ትስቂ ነበር። ረሳሽው፣ ፕሮፌሰሯ?”

“አልነበረም።”

“የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ!”

አውቆ አይዋሽም፤ ያናደዳትም ይኸው ነው። ያኔ ሲላስ ቀሚሱን ሲሠራ በድሉ አጠገቡ ተቀምጦ የራሱን ይሸምን ነበር። ዓይኑ ከጎን የለቀመውን ጭንቅላቱ አስቀምጦ፣ የማን እንደሆነ ረስቶ፣ አንድ ጠዋት የራሱ ሐሳብ አስመስሎ አወጣለት።

የባሰው ደግሞ፣ “ከሰል” ሲል እሷም አየችው፦ የወንድሟን የጠቆረ ጣት፣ መሰላሉን፣ የራሷን ሳቅ። አንዲት ቃል በቅታ ጭንቅላቷ የቀረውን ሳይለመን ጨረሰው። በራሷ ተናደደች። ቀና ብላ ግድግዳውን አየች።

“ይህ ግድግዳ የተለሰነው ዓምና ነው። እኔ ስመረቅ ቆርቆሮ ነበር።”

“እና ቆርቆሮው ላይ ነዋ!” አለ በድሉ ወዲያው። “አዎ፣ ቆርቆሮው ላይ! አሁን ትዝ አለኝ።”

“ራስህን ትሰማለህ?”

“ሌባ ቤቴ አይሠራም። በቃ!”

“እንግዲያው አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?”

መልስ አልጠበቀችም። ቀሚሱን አነሳች፤ ብትተወው ነገ “እኔ ባሳየሁት የተሠራ ነው” እያለ ማስረጃ ያደርገዋል። የሲላስን መወርወሪያም አነሳች። ሲላስ ፈቃድ እንደሚጠይቅ በድሉን አየው። በእጅጌው ጎትታ አስወጣችው።

ከኋላቸው በድሉ ግድግዳውን በመዳፉ እየመታ፣ “እዚህ ጋ ነው የሳልኩት! እዚህ ጋ!” ይላል።

በሩን ዘጋችበት።