ምክንያቱን ይግለጹ

የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ኃላፊው የእጅ ጽሑፍ ለሆስፒታሉ የቆየ ራስ ምታት ነበር። የእሱ ማዘዣ ፋርማሲ ሲደርስ ሥራ ይቆማል፤ አንዷ ወረቀቱን ወደ መብራት ታነሳዋለች፣ ሌላዋ ገልብጣ ታየዋለች፣ መጨረሻ ላይ ታካሚው «ለመሆኑ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» ተብሎ ይጠየቃል። ከጀርባው ሁሉም «ዶክተር ጭረት» ይሉታል። እሱም ያውቃል፤ ግን እንዳልሰማ ሆኖ ያልፋል።

ማዘዣ በኮምፒውተር ይሆናል የተባለ ዕለት ደሙ ፈላ። «በዚህ ዕድሜዬ ታይፒስት ልሁንላችሁ?» ብሎ የስብሰባውን በር በላያቸው ላይ ወርውሮ ወጣ። ዳይሬክተሩ ግን ሰው መያዝ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። አልተቆጡትም፤ የኮምፒውተር ማዘዣው ኮሚቴ ሰብሳቢ አደረጉት። በማግስቱ ዶክተር ጭረት ወረቀት የያዘ ሐኪም ባየ ቁጥር ፊቱን የሚያኮሳትር የዘመናዊነት ጠበቃ ሆኖ ቁጭ አለ።

ለማሽኑ ምርቃት እናቱን አመጣ። የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እሳቸው ሆኑ። እንግዶች በተሰበሰቡበት አዳራሽ፣ በትልቁ ስክሪን ላይ፣ በሁለት ጣቱ ፊደል እየለቀመ ጻፈ፦ «ፔኒሲሊን አይስማማቸውም። ለሕይወታቸው ያሰጋል።» ልጅ ሳለ ያንን መርፌ ተወግተው ፊታቸው ሲያብጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥራቸው በዓይኑ አይቷል። ሐኪም የሆነውም ያን ቀን ስለፈራ ነው። «ከእንግዲህ ሰው ቢረሳ ማሽኑ አይረሳም!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እናቱ «ምነው፣ ገመናዬን አደባባይ አወጣኸው» እያሉ ሳቁ።

ማሽኑ እውነትም አልረሳም። ጣጣው ዝም ማለት አለማወቁ ነው። የራስ ምታት ክኒን ሲታዘዝ ቀይ መስኮት ብቅ ይላል፦ «ይህ መድኃኒት ሆድ ሊያውክ ይችላል። ለማለፍ ምክንያቱን ይግለጹ።» ቫይታሚን ሲታዘዝ ደግሞ፦ «ሽንት ሊያደፈርስ ይችላል። ለማለፍ ምክንያቱን ይግለጹ።» ምክንያት ካልተጻፈ ንቅንቅ የለም። ሐኪሞቹ ስለ ሆድ ድርቀት ድርሰት ሲደርሱ ይውላሉ፣ ኮሪደሩ ደግሞ በታካሚ ተጨናንቆ መፈናፈኛ ጠፋ።

መላውን ያመጣው ራሱ ሰብሳቢው ነው። ሥልጠና ላይ ጣቱን ቀስሮ፣ «አንዲት ነጥብ አድርጉበት፤ ማሽኑ ምክንያት ተጻፈ ብሎ ያልፋችኋል» አለ። ከዚያ ወዲያ ሐኪሙ ነጥብ፣ ፋርማሲስቷ ነጥብ፣ ነርሷ ነጥብ። ሰልፉ ተቃለለ። ሆስፒታሉ በቅልጥፍና ተሸለመ፣ ምስክር ወረቀቱም በመስታወት ገብቶ ከሰብሳቢው ራስጌ ተሰቀለ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እናቱ እያሳላቸው መጡ።

«ልጄ፣ ጉሮሮዬ ምራቅ እንኳ አላሳልፍ አለኝ።»

እሱ በአንድ ጆሮው ስልክ ደግፏል፤ ዳይሬክተሩ ሌሎች ሆስፒታሎች ልምድ ሊቀስሙ እንደሚመጡ ያበስሩታል። አፋቸውን አስከፍቶ አየና አሞክሳሲሊን አዘዘ። አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን የአክስት ልጅ ነው፤ ይህን የሕክምና ተማሪ ከእንቅልፉ ቢቀሰቀስም ይመልሰዋል። ቀዩ መስኮት ብቅ አለ። ነጥብ አደረገበት።

ፋርማሲ ውስጥም ያው መስኮት ብቅ አለ። ፋርማሲስቷ ያዘዘው ማን እንደሆነ አየች። እሷም ነጥብ አደረገችበትና «እናቴ፣ አንዱን እዚሁ ይዋጡት» ብላ ውኃ ሰጠቻቸው።

የሆስፒታሉ በር ሳይደርሱ ወደቁ።

ዶክተር ጭረት አንድ እግር ጫማው ደረጃው ላይ ቀርቶ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ፣ የልጅነቱ ያ ያበጠ ፊት አልጋው ላይ ጠበቀው። የክፍሉ ሐኪም ኮምፒውተሩን ዞር ብላም አላየች፤ ማርከሻ መርፌ ከመሳቢያው መዝዛ ወጋቻቸው። «ማሽኑ በኋላ ይጻፍለታል!» ብላ ጮኸች። እሱ ሐኪምነቱ ጠፍቶበት፣ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ቆይቶ ትንፋሻቸው ተመለሰ። ዓይናቸውን ገልጠው እጁን ያዙና ለነርሷ ነገሯት።

«ልጄ ባይኖር ኖሮ አልቆልኝ ነበር። እሱ ነው ያተረፈኝ።»

ነርሷ ወለል ወለሉን አየች። እሱ አፈረ፣ በጣም አፈረ።

አልጋው አጠገብ ያለው ስክሪን አሁንም ሥራውን አልረሳም። የአደጋ ሪፖርት ከፍቶ ይጠብቃል፦ «ለደረሰው ጉዳት ምክንያቱን ይግለጹ።» የዶክተር ጭረት ጣት ማንንም ሳያማክር ሄዶ ነጥብ አደረገ። ማሽኑም «እናመሰግናለን፣ ሪፖርትዎ ተሟልቷል» አለ።

እሱ መልእክቱን ደግሞ አነበበው። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ ነጥቧን አጠፋት።

«ደግሞ ምን ትጽፋለህ? አርፈህ አጠገቤ አትቀመጥም?» አሉ እናቱ።

«ስሜን ነው፣ እማዬ።»

«ስምህን እዚህ የማያውቅ ማን አለ!»

እሱ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ ማንም ሰው ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ፣ ስሙን እስከ አባቱ ጻፈ።