የተገኙ አባላት ዘጠኝ

የከተማው ምክር ቤት ሰብሳቢ በሕይወቷ ፈርታ አታውቅም ማለት ውሸት ይሆናል፤ ፈርታ ያያት ሰው ግን የለም። ስትስቅም ስትቆጣም ድምፅዋ ኮሪደሩን አቋርጦ መዝገብ ቤት ድረስ ይሰማል። ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት አራት ጋዜጠኞች የምክር ቤቱ ደረጃ ላይ ማይካቸውን ደቅነው ሲጠብቋት፣ ሠራተኞቹ ለእሷ አልተጨነቁም። የተጨነቁት ለጋዜጠኞቹ ነበር።

ነገሩ ግን የዋዛ አልነበረም። ከዘጠኙ አባላት አንዱ፣ ለቁመቱ ሲሉ ሎጋው የሚሉት ሰው፣ የውሃ ቆጣሪ የምታነብ ሴት በመኪና ገጭቶ አምልጧል ተብሎ ተጠርጥሯል። ሴትዮዋ ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ከተኛች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። አደጋው የደረሰው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ አንድ ባለ ሱቅ የመኪናውን ሰሌዳ አይቻለሁ ብሎ ቃል ሰጥቷል። ሎጋው ደግሞ የሰብሳቢዋ ታናሽ እህት ባል ነው።

ባለፈው ሳምንት ፖሊስ ሲጠራው ሎጋው አልተንተባተበም። በዚያ ሰዓት ስብሰባ ላይ ነበርኩ ብሎ ቃለ ጉባኤውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ስብሰባው ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ የተገኙ አባላት ዘጠኝ፣ ያልተገኙ የለም፤ ከሥሩ የሰብሳቢዋ ፊርማ። መርማሪውም የባለ ሱቁን ዓይን ከማመን የእሷን ፊርማ ማመን ቀለለው።

እዚህ ላይ የዚያን ምክር ቤት አመል ማወቅ ያስፈልጋል። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ሲያዘጋጅ የተሰብሳቢዎቹን ዝርዝር እንደ አዲስ አይጽፍም፤ ያለፈውን ስብሰባ ገጽ እንዳለ ይገለብጥና ቀኑን ብቻ ይቀይራል። ሁሉም ያውቃሉ፣ ሁሉም ስቀውበታል። እንዲያውም አንድ ጊዜ የአንድ ሽማግሌ አባል ስም፣ በተቀበሩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከተገኙት ጋር ወጥቶ፣ ሰብሳቢዋ ራሷ፣ በሕይወት እያሉም እንዲህ ሰዓት አክባሪ አልነበሩም ብላ ቤቱን በሳቅ ገደለችው። ከዚያም ፈረመች።

አሁን የሚያስቅ ነገር የለም። ያን ማክሰኞ ሎጋው አለመኖሩን እንደ ስሟ ታውቀዋለች። የአውቶቡስ ማቆሚያው ይዛወር ወይስ ይቆይ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ አራት ለአራት ሆኖ ነገሩ ለሌላ ቀን ተላልፎ ነበር። እጄን አወጣልሻለሁ ብሎ ቃል የገባላት ሎጋው ነው። ሦስት ጊዜ ደወለችለት፣ አላነሳም፤ ቆሽቷ አርሮ ዋለች። በሳምንቱ ቃለ ጉባኤው ሲመጣላት ግን እንደ ልማዷ ሳታነብ ፈረመችበት።

ጋዜጠኞቹ ከመምጣታቸው በፊት ሎጋው ራሱ ቢሮዋ መጥቶ ቃለ ጉባኤውን ለፖሊስ ማሳየቱን ነግሯት ነበር። አልለመናትም፤ ሰውየው ከመለመን ማግባባት ይቀናዋል። የእህቷን ስም አነሳ፣ የልጆቹን ስም አነሳ፣ ፊርማዋ ሐሰት ነው ከተባለ ወንበሯም አብሮ እንደሚሄድ በለሆሳስ አስታወሳት።

"እትዬ፣ ዋሺልኝ አላልኩሽም" አላት። "ዝም በይልኝ ብቻ። ወረቀቱ ይናገራል።"

ሴትዮዋን ሆስፒታል ሄዶ አይቷት እንደሆነ ጠየቀችው። ሎጋው ዞር ብሎ መስኮቱን አየ። ለእሷ ያ በቂ ነበር።

እሱ እንደወጣ የሕግ አማካሪው ለጋዜጠኞቹ የሚነበብ መግለጫ ይዞላት ገባ። ጉዳዩ በሕግ የተያዘ በመሆኑ ምክር ቤቱ በዚህ ደረጃ አስተያየት ከመስጠት ይቆጠባል ይላል። ቆንጆ ተጽፏል አለችው፣ ከልቧ። ወረቀቱን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትታ፣ ቀሚሷን አስተካክላ ወጣች።

ጋዜጠኞቹ ጥያቄያቸውን ሳይጨርሱ ነው የጀመረችው። "ቃለ ጉባኤው ዘጠኝ ነበሩ ይላል። ስምንት ነበርን። ያልነበረው እሱ ነው። ገጭቷል አልገጨም፣ ያን ፍርድ ቤቱ ይወስን፤ እኔ የማውቀው ወንበሩ ባዶ እንደነበረ ነው። ይህንኑ ለፖሊስም ዛሬውኑ ሄጄ እናገራለሁ።"

አንዷ ጋዜጠኛ፣ እንግዲያው ሐሰተኛ ሰነድ ላይ ፈርመዋል ማለት ነው ወይ ስትል ጠየቀቻት። ሰብሳቢዋ አዎን አለች፤ ሳላነብ ፈርሜያለሁ፣ የሚመጣብኝንም እቀበላለሁ። አማችዎ አይደለም ወይ ሲሏትም አዎን አለች። የሕግ አማካሪው ከበሩ ጀርባ ግንባሩን ይዞ ቆሟል።

ከዚያ በእግሯ ወደ እህቷ ቤት አመራች፤ ፖሊስ ጣቢያው ከእህቷ በኋላ ይደርሳል ብላ። አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የምትራመደው። እውነቱን ለመናገር በራሷ ኮርታለች፤ ስንት ሰው በአማቹ ላይ እንዲህ ይደፍራል? መንገዱን ሙሉ ለእህቷ የምትለውን ስታሰናዳ፣ እህቷ ስታለቅስ እንዴት እንደምታባብላት፣ ብትሰድባት እንዴት እንደምትችላት ስታስብ ሄደች።

እህቷ አላለቀሰችም። ወጥ ቤት ውስጥ ሬዲዮውን አጥፍታ ተቀምጣለች። ሰብሳቢዋ ያሰናዳችውን ጀመረች፤ ስለ እውነት፣ ስለ ሕግ፣ ሆስፒታል ስለተኛችው ሴት። እህቷ እጇን አንስታ አስቆመቻት።

"ያን ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ነው የገባው" አለች። "የመኪናው የፊት መብራት ተሰብሯል። የገባበትን ከግድግዳው ሰዓት ላይ አይቻለሁ። ስለ ሴትዮዋ ስሰማ ልቤ ጥርጥር ገብቶት ጠየቅሁት። ከአሥራ አንድ በኋላ ነው የመጣሁት ብሎ ድርቅ አለ። ከዚያ ወረቀቱን አምጥቶ ፊርማሽን አሳየኝ።"

ሰብሳቢዋ ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች።

"እታለም፣ ፊርማሽን ሳይ እኔው ነኝ የተሳሳትኩት አልኩ። እሷ ያልሆነ ነገር አትፈርምም አልኩ። ሰዓቱ ነው የተበላሸው ብዬ ባትሪ ቀየርኩለት።"

ሰብሳቢዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጋዜጠኞቹ ፊት ጥፋቷን ስታምን እንኳ የአንድ ወረቀት ጥፋት መስሏት ነበር። የገዛ እህቷ ግን በዚያች ፊርማ የተነሳ ዓይኗን ክዳ ሰንብታለች። ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት እህቷ ተነስታ ጫማዋን ማጥለቅ ጀምራለች።

"ተነሺ፣ ጣቢያው አብረን እንሂድ" አለቻት። "እኔም የምሰጠው ቃል አለኝ። እኔ ግን አንብቤ ነው የምፈርመው።"