የዳማ የኋላ ኮርቻ

ገብረጻድቅ ሞተር ቢስክሌቱን ለመሸጥ የቆረጠው ተሠርታ ስላለቀች ነው። ሰው የሚሸጠው የተበላሸበትንና የሰለቸውን ነው፤ እሱ ግን አንድ ብሎን እንኳ ሳይጎድላት፣ ፀሐይ ላይ ስትቆም ዓይን እስክትወጋ ድረስ ወልውሎ፣ "ልሸጣት ነው" አለ። አቃቂ በሰቃ ውስጥ ይህን የሰማ ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግቢውን የቶርኖ ቤት አስመስሎ፣ በሚሠራበት ፋብሪካ ጥገና ክፍል ሲቀጠቅጥ የዋለበትን እጁን ማታ ማታ እንደገና ግራሶ ውስጥ ነክሮ የሠራትን ሞተር እንዴት ይሸጣል?

ሞተሯን ጣሊያን ነው ትቷት የሄደው፤ ለረጅም መንገድ የተሠራች፣ ወገበ ረጅም ነበረች። ሲገዛት ዶሮ ሰፍሮባት ነበር። የቤንዚን መያዣዋ በዝገት ተበስቷል፤ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ውስጥ አይጥ ወልዳለች። እሱ ግን በትዕግሥት አዳናት። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች እንደሚባለው፣ ገብረጻድቅም ስለ ዕቃዎቿ ሲጠየቅ ከአስመራ ያስመጣውን ካርቡራቶር ብቻ ነበር የሚያወራው። ከተጣለ የልብስ ስፌት መኪናና ከአሮጌ ወፍጮ ተቆርጦ የተገጠመላትን ሁሉ አያነሳም። በመጨረሻ ቡናማ ቀይ ቀለም ሲቀባት የሰፈሩ ሰው "ዳማ" አላት፤ እንደ ፈረስ መሆኗ ነው። ስሙ ጸናባት።

ነገሩ የጀመረው ግን በሞተር አልነበረም፤ በተስቦ ነው። ገብረጻድቅ ታሞ ራሱን ስቶ በተኛበት ሰሞን፣ ሚስቱ ፈለቀች ሳሪስ አቦ ሄዳ ከደጁ ወድቃ፣ "ጻድቁ አባቴ፣ እሱን አትርፍልኝ እንጂ ዝቋላ ድረስ መጥቼ ደጅህን እስማለሁ" ብላ ተሳለች። ባሏ ዳነ። ፈለቀች ስንቋን ሰንቃ፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር በእግሯ ልትነሳ ስትል፣ ያኔ ገና ዶሮዎቹን ያባረረላትን ሞተር እያሳየ፣ "በእግርሽማ አትሄጂም። ይቺን ላድናትና እንደ እመቤት ከኋላ አስቀምጬ እወስድሻለሁ" አላት። ከሞት አፍ የተመለሰ ባል የሰጠውን ቃል የማታምን ሚስት የት ትገኛለች? ፈለቀች ስንቋን ፈታች።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መጋቢት ሲገባ ዳማ ትታመማለች። አንድ ዓመት ካንዴላዋ፣ አንድ ዓመት ፍሪሲዮኗ፣ ሌላ ጊዜ ማርሿ። ከኅዳር እስከ የካቲት ደህና ከርማ፣ የዝቋላ መንገደኞች በደጃቸው ማለፍ ሲጀምሩ አንድ ነገሯ ይሰበራል። "ለዘንድሮ አልደረሰችም፤ ለከርሞ" ይላል ገብረጻድቅ። ፈለቀችም "እሺ" ትላለች። ጻድቁን ግን በየወሩ በአምስት ሳሪስ አቦ እየሄደች ይቅርታ ትጠይቃለች።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ገብረጻድቅ ሞተር መንዳት አይችልም። አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሯል። በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ እሑድ፣ ከፋብሪካው ጀርባ ባለው ሜዳ ወጣባት። ዳማ እሱ ካሰበው በላይ ፈጠነች፤ ፍሬኑን የት እንዳስቀመጠው፣ እሱ ራሱ በእጁ የገጠመውን ፍሬን፣ ጠፋውና ቦይ ውስጥ ይዛው ገባች። ያየው በአጠገቡ የሚግጥ አህያ ብቻ ነበር። አህያው ለማንም አልተናገረም፤ እሱም አልተናገረም። ፍርሃቱ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሆዱ አልወጣም። ሰፈሩ ሁሉ "የሞተር ሐኪም" እያለ የሚጠራው ሰው፣ "መንዳት አልችልም" ብሎ በምን አፉ ይናገር?

ፍርሃቱን በሥራ ሸፈነው። ከሥራው ሁሉ ደግሞ የኋላውን ኮርቻ የሚያህል አልነበረም። ሞላውን እሱ ጠምዝዞ፣ ሱፉን እሱ ጠቅጥቆ፣ ቆዳውን በእጁ ሰፍቶ፣ በፈለቀች ልክ ሠራው። ማንም ተቀምጦበት አያውቅም። ፈለቀች በየቅዳሜው አቧራውን ትጠርግለታለች፤ ያን ያህል ነው ዝምድናቸው።

በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የካቲት ላይ ዳማ አለቀች። ገብረጻድቅ ዙሪያዋን ቢዞር፣ ቢጎነበስ፣ ጆሮውን ቢያስጠጋ አንድም ሕመም አጣባት። መጋቢት ደግሞ እየመጣ ነው። ያኔ ነው መሸጥ የመጣለት። ሞተሯ ከሌለች ቃሉም የለም፤ ማንም ሳይዋረድ ነገሩ በራሱ ይሞታል። ለፈለቀች "ጥሩ ገዢ ተገኝቷል" አላት። እሷም ቅዳሜ አለመሆኑን እንኳ ሳታስብ፣ ሄዳ ኮርቻውን ጠረገችው።

ገዢው ሙህዲን ይባላል፤ ሳሪስ ላይ የሳሙናና የአቡጀዲ ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ነው። ሞተር መንዳት ሱቅ ሳይከፍት በፊት፣ ለአንድ ነጋዴ ዕቃ ሲያመላልስ ነው የለመደው። አረፋ በደረሰ ቁጥር ሚስቱን አዚዛን ይዞ አገሩ ይገባል። አምና መሳፈሪያ አጥተው በጭነት መኪና፣ ከጨው ጆንያ ላይ ተጭነው ሲሄዱ አዚዛ ወገቧን ታማ በዓሉን ተኝታ ነው ያሳለፈችው። ዘንድሮ ይህ እንዳይደገም ምሏል። ዳማን ሲያያት ዓይኑ ቀድሞ ያረፈው ሞተሯ ላይ አልነበረም፤ የኋላው ኮርቻ ላይ ነው።

"ይህ ለአዚዛ የተሠራ ነው የሚመስለው" አለ እየዳሰሰው።

ፈለቀች ከበሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ዋጋው ብዙ ሳያከራክር ተቆረጠ። ገብረጻድቅ ጭነቱ የወረደለት መሰለው። ያኔ ሙህዲን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አጣመረ።

"በሉ እንግዲህ፣ ጋሽ ገብረጻድቅ፣ ይውጡባትና ልያት።"

"እኔ?"

"ታዲያ ማን? አባቴ በቅሎ ነጋዴ ነበር። በቅሎ ሲሸጥ ገዢ ቀድሞ አይወጣም። ባለቤቱ ይጋልባል፤ ገዢ ቆሞ ያያል። ረጋጭ ትሁን ደንባራ፣ ከባለቤቷ በቀር ማን ያውቃል?"

"ይቺ እኮ በቅሎ አይደለችም፤ ሞተር ናት!"

"ስሟ ዳማ አይደል እንዴ?" አለ ሙህዲን እየሳቀ። "ባለቤቷ ያልወጣባትን እኔ አዚዛን አላስቀምጥባትም።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ገብረጻድቅ ጊዜ ለመግዛት ዳማን አስነሳት። በአንድ ርግጫ ተነሳች፤ ድምጿ ያለ አንዳች እንከን ግቢውን ሞላው። ሙህዲን በደስታ ራሱን ነቀነቀ። "ድምጿ ማር ነው! አሁን ይውጡባት።" ገብረጻድቅ እጀታውን ይዞ ቆመ። ያ ቦይ፣ ያ አህያ መጡበት። አጠፋትና፣

"ስለት አለብኝ" አለ።

"የምን ስለት?"

"የዝቋላው ጻድቅ። ባለቤቴን ይዤ ዝቋላ ሳልደርስ፣ ለሌላ ጉዳይ ላልወጣባት ተስያለሁ።"

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የገብረጻድቅ ውሸት ግን ለማደርም አልበቃ፣ እዚያው ከበደ። ሙህዲን ኮርቻው ላይ አሳርፎት የነበረውን እጁን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበ።

"አስተግፊሩላህ! ስለት ያለባትን ነው የሚሸጡልኝ? ስለቱ ያልደረሰ ነገር ምን ገድ አለው? እኔ ይቺን ይዤ የቡታጅራን መንገድ አልወጣም፤ የሰው ስለት ሰብሬ አረፋ አላከብርም። ሄደው ያድርሱ። አቦ መጋቢት አምስት አይደል? አረፋ ከዚያ በኋላ ነው፤ እጠብቅዎታለሁ።" ወደ በሩም ዞር ብሎ፣ "እትዬ ፈለቀች፣ ለኔም ጸልዩልኝ" ብሎ ሄደ።

ፈለቀች ከበሩ ሳትንቀሳቀስ፣

"ስለቱ የኔ መስሎኝ ነበር" አለች።

ገብረጻድቅ ጎንበስ ብሎ የዳማን እጀታ በእጅጌው መወልወል ያዘ።

"ደግ። ዘንድሮ እንግዲህ ሕመም የላትም። ለአቦ ዋዜማ እንነሳ" አለችና ወደ ቤት ገባች።

ገብረጻድቅ የብሎን መፍቻውን አንስቶ ዳማ አጠገብ ተንበረከከ። አንዲት ብሎን ቢያላላ ነገሩ ያልቃል፤ "ለዘንድሮም አልደረሰችም" ይላል፤ የለመደው ነው። መፍቻውን ብሎኑ ላይ ገጠመው። እጁ ግን እምቢ አለው። ድሮ ሰበብ የሚሆን ያልዳነ ነገር አታጣም ነበር፤ አሁን ዘጠኝ ዓመት አስታሞ ፈጽሞ ያዳናትን በራሱ እጅ ሊያሳምማት አልቻለም። መፍቻውን ጥሎ ወደ ቤት ገባ።

"ፈሌ፣ መንዳት አልችልም።"

ፈለቀች ምስር ትለቅም ነበር። እጇ ቆመ።

"አንድ ጊዜ ሞክሬ ቦይ ውስጥ ይዛኝ ገባች። ከዚያ ወዲህ እፈራታለሁ። ካንዴላውም፣ ፍሪሲዮኑም... ሁሉም ሰበብ ነው።"

ገብረጻድቅ ትስቃለች ብሎ ጠበቀ፤ ካልሳቀችም ታጽናናዋለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ምስሩን እንደያዘች፣

"በእግሬ ሄጄ ቢሆን ዘጠኝ ጊዜ ደርሼ እመለስ ነበር" አለች። "ያኔ ጉልበት ነበረኝ።"

ሌላ አልጨመረችም። ገብረጻድቅ አፈረ። ቦይ ውስጥ ከወደቀበት ቀን ይልቅ አፈረ፤ በዚያን ቀን የጎዳው ራሱን ብቻ ነበርና።

እስከ ደብረ ዘይት በባቡር ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ በእግር። ስንቁን እሱ ተሸከመ። ዳገቱ ላይ ፈለቀች በየጥቂቱ እየቆመች ጉልበቷን ታሻለች፤ እሱም ከፊቷ ላለመቅደም ይቆማል። በአጠገባቸው አሮጊቶች ሳይቀሩ እያለፏቸው ሄዱ። ከላይ ሲደርሱ ፈለቀች የደጁን ድንጋይ ተሳልማ ብዙ ቆየች፤ ምን እንዳለች የሚያውቅ ጻድቁ ነው። ሲወርዱ ክንዱን ያዘች። ይቅርታ ይሁን የጉልበቷ ሕመም፣ ገብረጻድቅ አልጠየቃትም።

ሙህዲን እንዳለው መጣ። በሩ ላይ ሆኖ፣ "ስለቱ ደረሰ?" አለ።

"ደርሷል።"

"እንግዲያው ይውጡባት።"

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤት ልብስ ያሰጣል፤ ይሰማል። ገብረጻድቅ ድምፁን ዝቅ ማድረግ አስቦ ነበር፣ ግን ተወው።

"መንዳት አልችልም፣ ሙህዲን። ያን ቀን ዋሽቼሃለሁ። ስለቱ የባለቤቴ ነበር፤ ያስቀረኋትም እኔ ነኝ።"

ሙህዲን አንዴ እሱን፣ አንዴ ዳማን አየ። ለመሳቅ ቃጥቶት ነበር፤ የገብረጻድቅን ፊት ሲያይ ተወው።

"አባቴንም በስተርጅናው አንዷ በቅሎ ረግጣው ነበር" አለ። "ከዚያ ወዲያ ገበያ ሲወጣ አጎቴን ነበር የሚያስጋልበው። ደግሞም ይሸጥ ነበር። ቁልፉን ይስጡኝ።"

ዳማ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ወጉ ተነዳች። እስከ ባቡር ሐዲዱ ሄዳ ስትመለስ ድምጿ ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ አንዴም አልተንተባተበም። ገብረጻድቅ ቆሞ ሲያያት ደስታና ቅናት እኩል ያዙት። ሙህዲን ግቢው ውስጥ አቁሟት ወረደና፣ "በነገው ጁምዓ መንገድ እንጀምራለን" አለ።

ያኔ ገብረጻድቅ መፍቻውን ይዞ ወደ ኋላ ዞረ፤ የኋላውን ኮርቻ ብሎን መፍታት ጀመረ።

"ኧረ ምን እያደረጉ ነው?"

"በቅሎ ሲሸጥ ገመዱ አይሸጥም። አባትህ ይህን አልነገረህም? ገዱ ለባለቤቱ የሚቀረው በገመዱ ነው።"

ሙህዲን ተያዘ። ልማዱን ያመጣው እሱ ነው፤ እንዴት ይክደው? "ነግሮኛል" አለ። "ግን ይህ ገመድ አይደለም፣ ጋሼ። አዚዛን የት ላስቀምጣት?"

"ለሷ የሠራሁት ነው" አለ ገብረጻድቅ በአገጩ ወደ ቤቱ እያመለከተ። "አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጠችበትም። ይህንን አልሸጥም።" ፊቱን ለመደበቅ ወደ ብሎኑ አጎነበሰ።

"ቆይ፣ አትፍታው" አለች ፈለቀች።

ከቤት ወጥታ መጣች። ነጠላዋን አጠበቀች፤ የሙህዲንን ፊትም የባሏንም ሳታይ፣ መርገጫውን ረግጣ፣ ባሏን በትከሻው ተደግፋ ወጣችና ኮርቻው ላይ ተቀመጠች። ዳማ በማቆሚያ እግሯ ቆማለች፤ የነጂው ቦታ ባዶ ነው። ፈለቀች እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊት ለፊት፣ የአጥሩን ቆርቆሮ እያየች ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ ወረደች፤ የተቀመጠችበትንም በነጠላዋ ጫፍ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደምታደርገው ጠረገችው።

"ይመቻል" አለች። "ስጣቸው። አዚዛም እንደኔ በእግሯ ትሂድ እንዴ?"

ወደ ቤቷ ገባች። ገብረጻድቅ ያላላውን ብሎን መልሶ ማጥበቅ ያዘ። ጠብቆ አልንቀሳቀስ ካለም በኋላ መፍቻውን አልተወም፤ ኮርቻውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ነቀነቀው፣ የሰው ሚስት መንገድ ላይ እንዳትወድቅበት።