የታቢታ ጥምዝ

በሬው የእኔ ነበር። በእኛ ተራራ በየመኸሩ አንድ በሬ ለተኩስ ይቀርባል፤ ተኳሾች ዋጋውን ያዋጣሉ፤ አምስት ዙር ይተኮሳል። በአራቱ ዙር ያሸነፈ ሩብ ሩብ ሥጋ፣ በአምስተኛው ያሸነፈ ቆዳና ሞራውን ይወስዳል። አምስቱንም አንድ ሰው ካሸነፈ በሬውን ከነነፍሱ ነድቶ ይሄዳል፤ ይህን ግን በወሬ እንጂ በዓይናችን አላየንም። በስልሳ እርምጃ ሁሉም እኩል እየመታ ጭቅጭቁ ሰለቸኝና በዚያ ዓመት ርቀቱን ሁለት መቶ አደረግሁት። ራሴም ተኩሼ ሁለት ሩብ መልሼ ቤቴ ላስገባ አስቤ ነበር። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው።

የሸለቋችን ጠመንጃ ሠሪ ኢሊሁ ዓይኑ ሲደክም ሥራውን ልጁ ታቢታ ያዘችለት። ነጋዴዎች ከለመድነው ክብ አረር ሌላ ረጅሙን ሾጣጣ አረር ካመጡ ወዲህ ግን ጉድ ፈላ። በኢሊሁ አፈሙዝ ሲተኮስ እየተገለባበጠ ሄዶ ሰሌዳውን በጎኑ ይመታዋል። ኢሊሁ ባሩድ ጨመረ፤ ባሰበት። ሰዉ "የሽማግሌው ነገር አበቃ" ብሎ የከተማ ጠመንጃ መግዛት ጀመረ። እኔም ብያለሁ፤ አልዋሽም።

ጥፋቱን ያገኘችው ታቢታ ናት። አፈሙዝ የሚቦረቦረው ጠመዝማዛ መስመር በተቀረጸበት ግንድ ነው፤ ግንዱ ሲሳብ እየዞረ ይሄዳል፣ ከፊቱ ያለው ስለትም አብሮት እየዞረ በአፈሙዙ ውስጥ አረሩን የሚያሽከረክረውን ጠመዝማዛ ቦይ ይፈለፍላል። ኢሊሁ ከአያቱ የወረሰው ግንድ አምስት ስንዝር ሄዶ አንዴ ነው የሚዞረው።

"አባዬ፣ ይኼ ለክቡ አረር ልኩ ነው" አለችው፣ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ። "ይኼኛው ግን ረጅምና ከባድ ነው፤ በደንብ ካላሽከረከሩት ይገለበጣል። በሁለት ስንዝር አንዴ መዞር አለበት።"

"በሁለት ስንዝር? ክቡን ብትተኩሺበት ቦዩን ዘሎ ነው የሚወጣው!"

"ክቡን ተኩስበት ማን አለህ? ለየአረሩ የየራሱ አፈሙዝ!"

ሽማግሌው ተናደደ። "እንግዲያው ግንድሽን ቅረጪ! በበሬው ተኩስ ካሸነፍሽ ሥራ ቤቱ ያንቺ ነው። ካልሆነ የሥራ መሣሪያዎቼን እሸጣቸዋለሁ፤ መሳቂያ ሆኜ አልሞትም።"

ሦስት ሳምንት ቀረጸች፣ ቦረቦረች።

የተኩሱ ዕለት ነፋሱ ቆብ ይነጥቃል። የሸለቋችን አንደኛ ተኳሽ ሲላስ ገና ሳይጀመር "ታቢታ፣ ቆዳውን ተይልኝ፤ ጫማዬ አልቋል" አላት።

"በባዶ እግር መሄድ ልመዳ!"

ሰዉ ሳቀ። የሲላስን ክብ አረር ነፋሱ አንድ ስንዝር ወሰደበት። የእኔንማ ተዉት፤ ሰሌዳውንም አላገኘው። የታቢታ አረር ከምልክቱ አጠገብ ቀጥ ብሎ ገባ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም የእሷ ሆነ። አራተኛውንም ስትወስድ የሚስቅ ጠፋ፤ ኢሊሁ ብቻ በየተኩሱ "የት መታች? የት መታች?" እያለ ይነዘንዘኛል።

በመጨረሻው ዙር ሲላስ ነፋሱ እስኪበርድ ጠብቆ ተኮሰና ከምልክቱ በጣት ስፋት ርቆ መታ። የታቢታ ደጋፊ መሆኔን ያወቅሁት ያኔ ነው። ታቢታ ስታነጣጥር ነፋሱ እንደገና ተነሣ። ጠብቂ ልላት አፌን ስከፍት ተኮሰች።

ሁላችንም ወደ ሰሌዳው ሮጥን። የምልክቱ መሐል ተበስቷል! በሬዬ እየሄደብኝ ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። ኢሊሁ ስነግረው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

ታቢታ የበሬውን ገመድ ፈትታ ቁልቁል መንዳት ጀመረች። ሲላስ ቆቡን አውልቆ ወደ ኢሊሁ ቀረበ።

"አጎቴ ኢሊሁ፣ እንደዚያ ያለ አፈሙዝ ትሠራልኛለህ?"

"እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?" አለ ሽማግሌው ዓይኑን እየጠረገ። "ጠመንጃ ሠሪዋ ያቻትና በሬ እየነዳች፤ ሩጥና ድረስባት።"

ሲላስም ሮጠ።