ይቁሙ

ኢፍራህ እንግዳ ፍለጋ ሰፈሩን በሙሉ ለምናለች። መጀመሪያ ባንክ ቤት የሚሠራውን ጎረቤት፣ ቀጥላ የመድኃኒት ቤቷን ልጅ፣ በመጨረሻም ባጃጅ ነጂውን ዐብዱልዓዚዝን፤ ከባጃጁ ወርዶ ሱቅ ድረስ መራመድ የሚከብደውን ሰው። ቢሻሮን ግን፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገቻትን አያቷን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ፣ "ትመጪ ይሆን?" ብላ አልጠየቀቻትም።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ዐብዱልዓዚዝ ደውሎ "ሆዴን አሞኛል፣ አልመጣም" ሲል፣ ቢሻሮ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ሰማች። ለሆዱም አላዘነችለትም። ኢፍራህ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ፣ አሮጊቷ ሽቲ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ቋጥራ፣ ከምትሸጠው ሰልባጅ ውስጥ የመረጠችውን ሸራ ጫማ አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች።

"እንግዳዋ እኔ ነኝ" አለች።

"አዬዮ" አለች ኢፍራህ፣ አያቷን በሶማሊኛ ጠርታ፣ "ይሄ እኮ የእግር መንገድ ነው። ጫካ ነው።"

"እኔ እግር የለኝም?"

"ጉልበትሽ..."

"ጉልበቴን አንቺን ሳዝል ነው የጨረስኩት። የተረፈውን ዛሬ ውሰጂውና እንገላገል።"

ኢፍራህ ምርጫ አልነበራትም። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የልብስ ስፌት ሥራዋን ትታ የዱር እንስሳት አስጎብኚ ለመሆን ስትሠለጥን ከርማ፣ ዛሬ የመጨረሻው ፈተና ነው። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ጫካ ረግጦ የማያውቅ አንድ እንግዳ ያመጣል፤ ከመልካ ጀብዱ ወዲያ ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ እየመራ ወስዶ በደህና ይመልሰዋል። ያለፈ በአዲሱ ሎጅ ይቀጠራል። የወደቀ የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል፤ ያ ዙር መቼ እንደሆነ ደግሞ የሚያውቅ የለም። በስፌት መኪናዋ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣበታለች። እንግዳ ያላመጣ እንዲያውም ፈተናው ላይ አይቀመጥም።

ሚኒባሱ ከድሬዳዋ ሲወጣ ቢሻሮ መስኮቱን ከፍታ አንገቷን አወጣች። ዕድሜዋን ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ስታራግፍ የኖረች ሴት ናት፤ ሰማይ እንዲህ ሰፊ መሆኑን የረሳችው ይመስላል። "ያ ምንድን ነው?" ትላለች። "ያኛውስ?" ሹፌሩ "ድንጋይ ነው እናቴ" ሲላት "ድንጋይነቱን አጣሁት? የሚያምር ድንጋይ ነው ማለቴ ነው" አለችው።

ጥላ ያለው ግራር ሥር አሠልጣኙ ዓብዩ ጠበቃቸው። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ደቡብ ፓርኮች ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራ፣ ፊቱን ፀሐይ ያጠቆረው ጨዋ ሰው ነው። ቢሻሮን ሲያይ ቅር አለው።

"እናቴ፣ እንኳን ደህና መጡ። መቼም እርስዎ ለጫካ እንግዳ አይሆኑም። ግመል ሲጠብቁ ያደጉ ይመስለኛል።"

"ግመል የማየው ቀፊራ በር ላይ ጭነት ሲያራግፍ ነው" አለች። "ያደግኩት የባቡር ጣቢያው አጥር ሥር ነው። የጠበቅኩትም ሰልባጅ ነው፣ እሱም ከሌባ።"

ዓብዩ ሳቁን ዋጠ። "እንግዲያው ትክክለኛ እንግዳ ነዎት" ብሎ ደንቡን ነገራት። ከአስጎብኚዋ ኋላ መሄድ፣ ድምፅ ዝቅ ማድረግ፣ የመጣው ቢመጣ አለመሮጥ። እሱና ሹፌሩ ራቅ ብለው ከኋላ ይከተላሉ፤ ዓብዩ ያየውን ይጽፋል።

ከዚያ ኢፍራህ አያቷ ፊት መጥታ ቆመች። ያቺ ጠዋት ጠዋት ካልሲዋን የምትፈልግ ልጅ አይደለችም። ካኪ ልብሷ ተተኩሷል፣ ትከሻዋ ቀጥ ብሏል።

"እንደምን አደሩ፣ እናቴ? እኔ የዛሬ አስጎብኚዎ ኢፍራህ እባላለሁ።"

"ስምሽን ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

"ከእኔ ጋር ስለሆኑ ደስ ብሎኛል።"

ቢሻሮ ዓይኗን አጠበበች። እሷ በምታውቃት ድሬዳዋ ሰው ሰውን እርስዎ የሚለው ሲኮራረፍ ነው። ደንበኛዋም፣ ደላላውም፣ የቀበሌው ሊቀ መንበርም አንቺ ሲላት ነው የኖረችው፤ እሷም አንተ ስትለው። "ምን አደረግኩሽ?" አለች በሹክሹክታ። "ስለ መጣሁ ነው የተቀየምሽው?"

"ፈተናው ነው፣ አዬዮ" አለች ኢፍራህ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። "የሎጁ እንግዶች ከአዲስ አበባ የሚመጡ ቤተሰቦች ናቸው። ካላከበርኩሽ ነጥብ ይቀንስብኛል።"

"አክብሪኝ እንግዲህ" አለች ቢሻሮ፣ ግን አልተዋጠላትም።

ገቡ። ኢፍራህ አመድ የሞላበት ካልሲ ከኪሷ አውጥታ መታ መታ አደረገችው፤ አመዱ ወደ ፊታቸው ተበተነ። "ነፋሱ ከፊት ነው" አለች ቀስ ብላ። "ጠረናችንን ወደ ኋላ ይወስድልናል።" ቢሻሮ እንዲህ ያለ ብልሃት ካልሲ ውስጥ ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። ትንሽ እንደሄዱ ልጅቷ ተንበርክካ አሸዋው ላይ ያለ ዱካ አሳየቻት፤ ጅብ ሌሊት አልፎበታል፣ አንድ እግሩን ያነክሳል። ከዚያ እሾሃማው ቁጥቋጦ ሥር ሰጋሮ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ሚዳቋዎች፣ ከፍየል ግልገል የሚያንሱ፣ ዓይን ብቻ የሚመስሉ፣ ጎን ለጎን ቆመው አዩዋቸው። ቢሻሮ አፏን በሻሿ ሸፈነች። ልቧ ሠርግ ቤት እንዳለ ከበሮ ይደልቃል።

"አይለያዩም" አለች ኢፍራህ። "አንዱ ካለ ሌላው አለ።"

"ይሄን ሁሉ መቼ ተማርሽው?"

"እርስዎ ሲተኙ።"

ቢሻሮ ልትቆነጥጣት እጇን ዘረጋች፤ ዓብዩ ከኋላ እንዳለ ትዝ ሲላት መለሰችው።

ጉዳዩ የተበላሸው አጋዘኗ ስትመጣ ነው። ጎኗ ላይ ነጫጭ መስመር ያላት ሴት አጋዘን ከዛፎቹ መሀል ብቅ ብላ ቆመች፤ ጆሮዋ እንደ እጅ መዳፍ ሰፊ ነው። ቢሻሮ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ዛፍ ጋረደባት። ደንቡን ረሳችውና ከመስመሩ ወጥታ ወደ ግራ ሄደች፣ አንገቷን አስግጋ፣ ዓይኗን ከአጋዘኗ ሳትነቅል።

"ይቁሙ" አለች ኢፍራህ ከጀርባዋ።

ቢሻሮ ሰማች። ዓብዩና ሹፌሩ ኮቴያቸውን ስላሰሙ ልጅቷ ገሠጸቻቸው ብላ አሰበች። ደግ አደረገች፣ ይቁሙ፣ አጋዘኗን ሊያስበረግጉብን ነው። አንድ እርምጃ ጨመረች።

"እናቴ፣ እባክዎ ይቁሙ።"

እናቴ የሚለውን ሰማች፤ ይቁሙ የሚለውን አሁንም ለወንዶቹ ሰጠችው። እግሯን አነሣች።

"ቁሚ አንቺ!"

የኢፍራህ ድምፅ የኢፍራህ አልነበረም። የቢሻሮ ነበር፤ ቀፊራ ላይ ሌባ የሚያስቆም። አጋዘኗ በረረች። ቢሻሮ ያነሣችውን እግር ሳታሳርፍ እንደ ቆመች ቀረች። ልጅቷ መጥታ በሁለት እጇ ወገቧን ይዛ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ጎተተቻት። ያኔ ነው አሮጊቷ ያየችው። ልትረግጠው የነበረው መሬት ተነፈሰ። የአፈር ቀለም ያለው፣ እንደ ክንድ የወፈረ እፉኝት፣ ጭንቅላቱን ሸጉጦ የዛፉ ሥሮች መሀል ተኝቷል።

የኢፍራህ እጅ ገና ወገቧ ላይ ነው። ቢሻሮ በእጇ ሸፈነችው።  ከዚያ፣

"ሌላስ ምን አለ?" አለች። "የቀረውን አሳዪኝ እንጂ።"

የቀረውን አሳየቻት። በጎን ዞረው፣ ዝንጀሮዎች ውኃ የሚጠጡበት ገደል ድረስ ሄደው፣ ፀሐይ ሳይበረታ ወደ ግራሩ ተመለሱ። የቢሻሮ ጫማ ተቀድዷል፣ ፊቷ ግን በርቷል። ሹፌሩን "አንተ እዚህ እየኖርክ ድንጋይ ነው የምታየው?" ብላ ስትሰድበው ሰማቻትና፣ ኢፍራህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ዓብዩ አልሳቀም። ግራሩ ሥር ተቀምጦ ወረቀቱን ደጋግሞ አየ።

"ኢፍራህ፣ ነፋሱን፣ ዱካውን፣ መልስ ጉዞውን በጣም ጥሩ ሠርተሻል። ግን እንግዳሽን ከመስመር አስወጣሽ። ያም ይታለፍ ነበር። 'ቁሚ አንቺ' ብለሽ ጮኸሽባቸው። አንድ እንግዳ ተዋረድኩ ብሎ ከሄደ፣ ሎጁ በሩን የሚዘጋው በአንቺ ላይ ብቻ አይደለም፤ በሁላችሁም ነው። ሲደነግጥ ማንም ይጮኻል። አስጎብኚ ምላሷን መያዝ አለባት። በዚህ ዙር ላሳልፍሽ አልችልም።"

ኢፍራህ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ቀና አለች።

"ጋሽ ዓብዩ፣ ነገም ቢሆን ቁሚ ነው የምለው" አለች። "ሁለት ጊዜ በአክብሮት ተናገርኩ። ሦስተኛውን ከእባቡ ጋር አልደራደርም።"

"ታዲያ ሁለት ጊዜ ሲነገራቸው ለምን አልቆሙም?"

"እኔን ጠይቀኝ" አለች ቢሻሮ። "እዚሁ ቆሜያለሁ፣ አልሞትኩም፤ በማን ምክንያት እንዳልሞትኩም ታውቃለህ። ይቁሙ ስትል አንተና ሹፌሩ መስላችሁኝ ነበር።"

ሹፌሩ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

"እናቴ፣ ይቁሙ ማለት እኮ እርስዎ ማለት ነው። አክብሮት ነው" አለ ዓብዩ።

"አክብሮትህን እባቡ ያውቀዋል? እኔ አማርኛ የተማርኩት ገበያ ላይ ነው። ይቁሙ ማለት እነሱ ይቁሙ ማለት ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን ስንት ሆና ትቆማለች?"

"አያቷ ስለሆኑ ነው የሚከራከሩላት።"

"አያቷ ስለሆንኩማ የማማርርባት ብዙ አለኝ። ሰፈሩን ሁሉ ለምና እኔን ያለፈችኝ ልጅ ናት። ከመስመር የወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሱን በእኔ ስም ጻፈው፤ አሮጊቷ አትታዘዝም በል። ከአዲስ አበባ የሚመጡትንም እርስዎ ትበላቸው፣ ጌታዬ ትበላቸው። እኔን ያቆመኝ ግን ቁሚ ነው።"

 የዓብዩ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ነው፤ አይጽፍም፣ አይነሣም። "ደንብ ነው፣ እናቴ" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

"አዬዮ፣ ይብቃሽ፤ እንሂድ" አለች ኢፍራህ።

ቢሻሮ አልሰማቻትም። የተቀደደ ጫማዋን ክር አጥብቃ አሰረች፣ ሽቲዋን እንደገና ወገቧ ላይ ቋጠረች፣ ወደ ወጡበት ቁጥቋጦ ፊቷን አዞረች።

"እንግዲያው ተነሥ" አለችው። "አሁን አንተ ምራኝ። እኔ እንደ ቅድሙ ወዳሰኘኝ እሄዳለሁ፣ አንተ በእርስዎህ አቁመኝ። ካቆምከኝ ልጅቷን ጣላት፣ ቃል አልተነፍስም። ካላቆምከኝ ያንን የጻፍከውን እፊቴ ሰርዘህ አሳልፋት። ምን ትቀመጣለህ? ቅደም።"