ብስክሌት ከደረጃ ሲወርድ

ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር ግን አልፈጠረብኝም። ከደረጃ ላይ እየተንገጫገጩ ወርደው ቸርኬውን ካጣመሙ በኋላ "ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው?" የሚሉኝን ደንበኞች ሳይ ደሜ ይፈላል። ምን ይሆናል! ገደላችሁታ!

ልጄ ለፋርማሲ መድኃኒት ማድረስ ስትጀምር፣ ከሰፈራችን ወደ ታችኛው መንገድ የሚያወርደውን ሰፊ ደረጃ በብስክሌት ካልወረድኩ ብላ ገገመች። በግትርነቷ በማን እንደወጣች አውቃለሁና እኔው አስተማርኳት። መጀመሪያ ከአንድ እርከን፣ ቀጥሎ ከሁለት።

"ጎማሽን ደህና አድርገሽ ንፊ። ከኮርቻው ተነሺ፣ ፔዳሎቹ እኩል ይሁኑ፣ ቂጥሽ ወደ ኋላ፣ ጉልበትሽ እጥፍ ይበል። ደረጃውን ፊት ለፊት ግቢበት። የፊት ፍሬን የነካሽ ቀን ጥርስሽን ትለቅሚያለሽ። መሪውን ደግሞ አንቀሽ አትያዢው፣ ለቀቅ አርጊው።"

እስካሁን ከጎማው ሽቦዎች አንድ ራጂ እንኳ አልሰበረችም።

የቤታችን ኮሪደር ጠባብ ነው። ብስክሌቱ እዚያ ሲያድር መሪው ሰው አያሳልፍም። ስለዚህ ማታ ማታ ብሎኑን አላልቼ መሪውን ወደ ጎን አዞረዋለሁ፤ ጠዋት አቃንቼ አጠብቀዋለሁ። ይህ የእኔ ሥራ ነው።

ዛሬ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ስወጣ ኮሪደሩ ባዶ ነው።

"ልጅቷስ?"

"ሄደች፤ ረፍዶባት ነበር" አለች ባለቤቴ ሸሚዝ እየተኮሰች። "አንተን ከምትጠብቅ ብዬ መሪውን እኔው አቀናሁላት። ቀጥ አድርጌ! ምን ያቅተኛል?"

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ብሎኑን የማጠብቅበት ብሩጎላ ቁልፍ እዚያው ነው።

ክው አልኩ። በነጠላ ጫማ ሮጥኩ።

ደረጃው አናት ላይ ስደርስ መውረድ ጀምራለች። "ቁሚ!" ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ደንግጣ የፊቱን ፍሬን ብትይዝስ? በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የገዛ ልጄን ቆሜ ከማየት በስተቀር የማደርገው ጠፋኝ።

መሐል ላይ ስትደርስ መሪው ወደ ቀኝ ዞረ። ጎማው ግን ቀጥ ብሎ ይወርዳል! እሷ ወደ ኋላ ተለጥጣ፣ እጇን አላልታ፣ እርከን በእርከን እየተቀበለች ወረደች። ታች አስፋልቱ ላይ በኋላው ፍሬን ቆመች።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

"አባዬ፣ መሪው..."

"አውቃለሁ።" የመጨረሻው እርከን ላይ ዘጭ አልኩ። ከዚያ ንዴቱ መጣ። "እናትሽ ናት! ቆይ ቤት ልግባ!"

"ተው አባዬ። ለእኔ ብላ ነው። እባክህ እንዳትነግራት።"

ወዲያው ባለቤቴ ቁና ቁና እየተነፈሰች ከላይ ስትወርድ አየኋት። ልጄ ቶሎ ብላ የፊቱን ጎማ በጉልበቶቿ ቆንጥጣ ያዘችና መሪውን አቀናችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን አስሮጠህ? ደህና አላቀናሁትም እንዴ?"

ልጄን አየኋት። ምላሴን ነከስኩ።

"ደህና ነው። ትንሽ ላጥብቀው ብዬ ነው።"

ብሩጎላውን ብሎኑ ላይ ልሰካው ብል አልገባ አለኝ።

"ወይ ጉድ! እስቲ አምጣው" ብላ ነጠቀችኝ። "እስከ ምን ድረስ ነው የሚጠብቀው?"

"እምቢ እስኪልሽ።"

ሰካችው፤ አዞረችው። ዞረ። እየሣቀች ደግማ አዞረችው። ዞረ። አሁንም ዞረ። ሣቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ። እጇን ቁልፉ ላይ እንዳደረገች ቀና ብላ ደረጃውን እስከ አናቱ አየችው፤ ከዚያ የልጇን ፊት አየች።

"ይሄን ሁሉ ላልቶ ነበር?" አለች።